የድንበሩ ድንጋይ ሽበት

ድንጋይ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት እንፈልጋለን ያሉ ሦስት ሰዎች ከመካነ ሰላም ወደ እኛ ብርዳማ ደጋ የወጡት፣ አፈር ተሸክሜ ልምል አራት ቀን ሲቀረኝ ነው። ያን ሰሞን እንኳን ለእንግዳ ለራሴም ደግ ቃል አልነበረኝም።

የመሐላውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም። በእኛ መንደር ሁለት ሰዎች በድንበር ሲካሰሱና ምስክር ሲጠፋ፣ እውነቱ ከእኔ ጋር ነው የሚለው ሰው ከማሳው አንድ ጓል አፈር አንስቶ ራሱ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ሽማግሎች እያዩት ድንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይራመዳል። አንድ ቃል አይናገርም። የተራመደበት መስመር ድንበር ሆኖ ይቀራል። ዋሽቶ የተራመደ እንደሆነ፣ ያ በራሱ የተሸከመው አፈር ዓመት ሳይሞላው ደረቱ ላይ ይመለስበታል ይባላል።

የተካሰስኩት ከጎረቤቴ ጋር ነው። ይህ ሰው ብዙ ዓመት ጅዳ ኖሮ ባለፈው ክረምት ተመለሰ። ሲሄድ ቀጭንና ልበ ቢስ ነበር፤ ሲመለስ ቅጥነቱን ብቻ ትቶት መጣ። በሬ ጠምዶ ቀጥ ያለ ትልም ማውጣት አይችልም፤ ያረሰውን ያየ ሰው እባብ ያለፈበት ይመስለዋል። በጅዳ ገንዘብ የቆርቆሮ ቤት ሠራና በሩን ወደ ነፋሱ ከፈተው። አሁን በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ ውስጥ ተኮራምቶ ይኖራል። ሰው ተወልዶ ያደገበትን ነፋስ መምጫ እንዴት ይረሳል?

ለዚህ ቤት መሠረት ድንጋይ ፈለገ። ማሳዬ ውስጥ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት እያለ የከመረው የድንጋይ ቁልል ነበረ። እኔ ከላላ ወረዳ የታመመች እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ፣ ጎረቤቴ ሳያስፈቅደኝ ቁልሉን በአህያ አግዞ ጨረሰው። ስመለስ ቁልሉ የለም። በቦታው ቁመቱ ጉልበቴ የሚደርስ፣ ነጣ ያለ አንድ ድንጋይ ቆሟል። እሱም ከጎኑ ቆሟል።

«እትዬ፣ የድንበራችን ድንጋይ ተገኘ» አለኝ፤ ዕቃ ጠፍቶብኝ ያገኘልኝ ይመስል።

ከዚያ ድንጋይ እስከ እኔ ትልም ዳር ስምንት እርምጃ ነው። ስምንት እርምጃ ለሰነፍ ምንም አይደለም። ያ ቁራጭ ግን የመኪናውን መንገድ የሚነካው ነው፤ ልጄ ከኩዌት ስትመለስ ቤት ሠርታ ሱቅ የምትከፍትበት ብዬ ያሰብኩት እሱን ነው። ስለዚህ ያልኩት አጭር ነበር። ቁልሉን ያነሳው እሱ ነው፤ ድንጋዩንም የተከለው እሱ ነው፤ ሌባ ነው።

ደብተር ነበረኝ። ልኬታው ሲደረግ ገመድ ተጥሎ የተጻፈው የይዞታ ደብተር ስምንቱን እርምጃ ከእኔ ማሳ አግብቶታል። እሱ ግን ያኔ ጅዳ ስለነበርኩ በሌለሁበት የተለካ ነው አለ። ሽማግሎች ተጠሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ ማሳው ለሁለታችን ቤት ሲከፈል ድንበሩን ያዩት ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴት ድንበር አትመራም ተብሎ እኔ አልተጠራሁም። እንዳጭድ፣ እንዳርም፣ እንድወቃ ግን ማንም ሴት ናት ብሎ አልከለከለኝም። ካዩት ወንዶች ሁለቱ በሕይወት አሉ። አንደኛው አላስታውስም አለ። ሌላው ጎረቤቴ ቤት በግ በልቶ ሲወጣ ድንጋዩ የነበረ ይመስለኛል አለ፤ በሳምንቱ እኔ ቤት ጠላ ጠጥቶ ሲወጣ ደግሞ የነበረ አይመስለኝም አለ። የዚያ ሰው ትዝታ መንገዱ በሆዱ በኩል ነው።

ጎረቤቴ ነገሩ ሲከርርበት፣ አራት አራት እርምጃ ተካፍለን እንታረቅ ብሎ ላከብኝ። አልፈለግሁም። መሬቱ ወይ የእኔ ነው ወይ የእሱ ነው። እውነት እንደ ዳቦ መሀል ለመሀል አይቆረጥም። ስለዚህ መሐላው ለእኔ ተሰጠ፤ ለእሁድ ተቀጠረ።

እንግዶቹ የመጡት ረቡዕ ጠዋት ነው። ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው የነሰነሱበት አስመስሎት ነበር። አንድ ሾፌር፣ አማርኛ የማያውቅ አንድ ፈረንጅ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናቸው። አስተማሪዋ የእኔን የመጨረሻ ልጅ ዕድሜ የምታህል፣ ወፍራም ጃኬት የለበሰች፣ አፍንጫዋ በብርድ የቀላ ናት። ለብርዱ እንግዳ እንደሆነች ያስታውቃል፤ እሷ ግን የመጣሁት ለብርዱ ስል ነው አለች።

«እማማ፣ ፈንገስ ነው የምንፈልገው» አለችኝ። «በጣም ብርድ በሆነ አገር ድንጋይ ውስጥ ገብቶ የሚኖር ፈንገስ አለ።»

«ፈንገስ አውቃለሁ። የልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ነው። ድንጋዩ ቆረቆር ይዞታል ነው የምትዪኝ?»

ሾፌሩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ አዎ ዘመዳሞች ናቸው ብላ በቁም ነገር ታስረዳኝ ጀመር። ገብስ እየለቀምኩ ሰማኋት። በምድር ጫፍ በረዶ ብቻ የሆነ አገር አለ አለች፤ ፈረንጁ ሄዶ አይቶታል። ዛፍ የለም፣ ሣር የለም፣ ነፋሱ ያገኘውን ሁሉ ያደርቃል። ከድንጋዩ ላይ አንድም ነገር አይታይም። ድንጋዩን ግን ሲፈልጡት፣ ከቆዳው ሥር የገብስ ፍሬ ውፍረት ያህል ገባ ብሎ ጥቁር ክር ይገኛል፤ ከሱ ሥር ነጭ፣ ከሱ ሥር አረንጓዴ። አረንጓዴው በድንጋዩ ሾልኮ በሚገባው ትንሽ ብርሃን ምግብ ያበስላል። ፈንገሱ ቤት ይሆነዋል፤ ውሃ ይይዝለታል፣ ከኃይለኛው ፀሐይም ይጋርደዋል። በረዶው ለጥቂት ሰዓት ሲቀልጥ ይጠጣሉ፣ ይኖራሉ። ከዚያ እንደገና ይተኛሉ። ዕድሜያቸው ማለቂያ ያለው አይመስልም፤ እድገታቸው ግን ከጥፍር እድገት እጅግ ያነሰ ነው።

«ይኸን ለማየት ነው ይኸን ሁሉ ነዳጅ ያቃጠላችሁት?» አልኳት። «ጤና ኬላችን የራስ ምታት ክኒን የለውም። ለድንጋዩ ግን ሐኪም መጣለት።»

«እውነትዎን ነው» አለች። ብትከራከረኝና ብጣላት ደስ ይለኝ ነበር። እውነትዎን ነው የሚል ሰው ለጠብ አይመችም።

እኛ ድንጋይ ላይ ለሚበቅለው ግራጫ ነገር የድንጋይ ሽበት እንለዋለን። እሱን ከፈለጋችሁ ደጄ ሞልቷል ብዬ አሳየኋት። ዘመዱ ነው፣ የምንፈልገው ግን ሽበቱ ወደ ውስጥ የገባበትን ድንጋይ ነው አለች።

«ሽበት ወደ ውስጥ ከገባማ ጅልነት ነው። እሱ ከሆነ ድንጋይ ድረስ መሄድ አያስፈልግሽም፣ ሽማግሎቻችንን ላሳይሽ።»

ያኔ ሳቀች። የደጄ ድንጋዮች ጥቁርና ጠጣር ስለሆኑ አይሆኑም አለች፤ ነጣ ያለ፣ ውስጡ እንደ ወንፊት ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ያውቃሉ ወይ አለችኝ። አውቃለሁ። ከዚያ ዓይነት ድንጋይ ማሳዬ ላይ አንድ ብቻ አለ።

«የሌባ ድንጋይ አለ» አልኳት። «ሰባብራችሁ ጫኑት። እኔም እገላገለዋለሁ።»

ይህን ስል ልክ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ክርክር ያለበት ድንጋይ እጅ አይነካውም። ነገር ግን ድንበር ነው ብዬ ካልተቀበልኩት፣ የማልነካው በየትኛው ሕግ ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ለራሴ እንዲህ ጠበቃ የቆምኩበት ጊዜ ብዙ አይደለም፤ በቆምኩ ቁጥር ደግሞ አፍሬ ነው የምቀመጠው።

ወሰድኳቸው። አስተማሪዋ መሮና መዶሻ አውጥታ የድንጋዩን ትከሻ መታ መታ አደረገችው። መዳፍ የሚያህል ስባሪ ተፈልጦ ወደቀ። ፈረንጁ ተንበርክኮ አነሳውና ዘመዱን ያገኘ ሰው ይመስል ዓይኑ ረጠበ። እኔም አየሁት። እንዳለችው ነው። ጥቁር ክር፣ ከሱ ሥር ነጭ፣ ከሱ ሥር የደበዘዘ አረንጓዴ። የሰማይን ቀለም ያህል እንኳ አያምርም። ለዚህ ነው አንድ ትልቅ ሰው የሚንበረከከው?

እሷ በማጉያ መነጽር እያየች ቆየችና ተኝቷል አለች። ከዚያ የማልረሳውን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ ይህ ድንጋይ ለብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ተከምሮበት ነበር? ብርሃን አጥቶ የቆየ ይመስላል።»

ለጥያቄ በጥያቄ መለስኩላት፤ ከሌላ ቦታ አምጥተው በቅርብ የተከሉት ቢሆንስ አልኩ። እሷም የምንካሰስበትን ሳታውቅ፣ ከድንጋዩ ዙሪያ አፈሩን በእጇ ጠርጋ ጎኑን በመሮ ጫር ጫር አደረገችና አሳየችኝ። ጥቁሩ ክር ድንጋዩን እንደ መቀነት ዞሮታል። አፈሩ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከአፈሩ በታች ያለው ወገን ባዶ ነው።

«ብርሃን ካለበት በቀር አይኖርም» አለች። «መቀነቱን ይዩት፣ ዙሪያውን ከአፈሩ ጋር እኩል ነው። ተነቅሎ እንደገና ቢተከል ይዛባ ነበር። ይህ ድንጋይ እዚሁ ቆሞ ነው ያረጀው።»

«በስንት ጊዜ ነው እንዲህ የሚሆነው?»

«ልክ ይህን ያህል ማለት አልችልም። በአንድ ሰው ዕድሜ ግን አይሆንም።»

«ተንኮለኛ ሰው መቀነቱን አስተካክሎ ቢተክለውስ?»

አሰበች። «በጣም ጠንቃቃ ሰው ከሆነ ይችል ይሆናል» አለች።

ጠንቃቃ። ቀና ብዬ የጎረቤቴን ማሳ አየሁ፤ የእባብ ትልሙን አየሁ። በሩ ላይ የተሰቀለው ብርድ ልብስ በነፋሱ ሲውለበለብ አየሁ። ያ ሰው ድንጋይ ነቅሎ፣ ዓይኔ እንኳ ያላየውን ክር በፀጉር ልክ ከአፈር ጋር አስተካክሎ ሊተክል? ሱሪውን አስተካክሎ መልበስ ያቃተው ሰው ነው። ከእኔ በላይ የናቀው ሰው በአገሩ የለም፤ ንቀቴ ራሱ ምስክር ሆነለት።

ያኔ ጋቢው ትዝ አለኝ።

ልኬታው የተደረገ ዕለት ለገመድ ጣዮቹ ጠላ ይዤ ወርጄ ነበር። ያ የመንገድ ዳር ቁራጭ ያኔ ያልታረሰ ጠፍ ስለነበር በላዩ ምን እንደቆመ ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ማሳው መሀል ቁጭ ብሎ ድንበሩን በዱላው ይጠቁማል። ጋቢውን እስከ መሬት ድረስ ዘርግቶ ለብሶታል። ጠላ ሲቀርብ ሁልጊዜ ብድግ ብሎ የሚቀበል ሰው ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም። ሰዎቹ ገመዱን ጠቅልለው መንገድ እስኪወጡ አልተነሳም። እግሩን አሞታል ብዬ አዘንኩለት፤ ማታ በቅቤ አሸሁለት። በሳምንቱ ከዚያ ማሳ ድንጋይ ይለቅም ጀመር። በሌላው ማሳችን አንድ ድንጋይ ያነሳበትን ቀን አላውቅም። ከዚያኛው ግን ለቅሞ ለቅሞ፣ በዚያ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ያን ቁልል ሠራ። ጎበዝ ሆነልኝ ብዬ ለእህቴ አውርቻለሁ።

በደግ ስም የቀበርኩት ሰው ነው። ተዝካሩን በሁለት በሬ አውጥቻለሁ። ስምንት እርምጃ ሰረቀ፤ ያውም በሰው አገር ከሚለፋ ሰው። የሸፈነበት ጋቢ ደግሞ እኔ የፈተልኩት ነው፤ አንድ ክረምት ሙሉ ዓይኔን ያፈዘዝኩበት። ሌብነቱን ለብቻው ቢሠራው ምናለ? የእኔን ክር ለምን ጨመረበት?

አስተማሪዋ አሞኛል መስሏት ያዘችኝ። ስባሪዋን ብቻ በወረቀት ጠቅልላ ድንጋዩን ተወችው። ስትሄድ ስለ ድንጋዩ የጠየቀሽ ሰው ቢኖር ምን ትያለሽ አልኳት። ያየሁትን አለች፤ ግን ማን ይጠይቀኛል? እውነቷን ነው፤ ማንም አልጠየቃትም። መኪናዋ ቁልቁል ስትወርድ ያንን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ።

ከረቡዕ እስከ እሁድ እህል አልጣመኝም። ልጄ ከኩዌት ደወለችና ነገርኳት። ሰማችኝና ደብተሩ ካንቺ ጋር አይደለም ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።

«እማዬ፣ በቃ ደብተሩ ያለው ነው። አባዬን ከመቃብር አውጥተሽ ልትከሺው ነው? ካልሆነም አራት አራት እርምጃ ውሰዱ፣ እሱም ብሎ የለ።»

«አራቱስ ቢሆን የማን ነው?»

«የሰው ቤት ሳጥብ የኖርኩት ለዚያች መሬት ነው» አለች። ድምጿ ተለወጠ። ከዚያ በላይ አላናገረችኝም። ይህ ከሁሉ የከበደኝ ነው። እሷም እንደ ጎረቤቴ በሰው አገር ናት፤ በሌለችበት አንድ ሰው ጋቢ ዘርግቶ መሬቷ ላይ ቢቀመጥባት ምን ልል ነበር? ይህን ልነግራት ፈልጌ ስልኩ ተዘግቶ አገኘሁት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሎቹ ማሳው ዳር ተቀመጡ። የመሬት ኮሚቴው ደብተሬን ገልጦ ይዟል፤ ፊቱ ላይ ያሸነፍኩ መሆኔን አነበብኩ። በግ የበላው ሽማግሌ ደግሞ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ጠላው የሰሞኑ ነው ወይ አለኝ። ጎረቤቴ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ለጅዳ ጓደኞቹ ሊያሳይ ስልኩን ደግኗል። ያም ሆኖ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ቀረበኝ።

«እትዬ፣ ወላሂ እኔ አልተከልኩትም» አለኝ ቀስ ብሎ። «በዕድሜዎ እንዲህ ያለ አፈር አይሸከሙ።»

ጎንበስ ብዬ አንድ ጓል አነሳሁ። ውርጭ የያዘው ስለነበር ራሴ ላይ ሳደርገው ቅዝቃዜው እስከ አንገቴ ወረደ። ሁሉም ወደ እኔ ትልም ዳር ዞረው ቦታ ለቀቁልኝ። እኔ ወደዚያ አልሄድኩም። ከላይኛው ጫፍ ተነስቼ በነጩ ድንጋይ አቅጣጫ ቀጥ ብዬ መጣሁ። ድንጋዩ ጋ ስደርስ በትከሻው ያለውን ትኩስ ስብራት በእግሬ ጣት ነካሁትና አልፌ እስከ መንገዱ ወረድኩ። አንድም ቃል አልተናገርኩም። ከኋላዬ በግ የበላው ሽማግሌ ኧረ ተሳስታለች፣ መልሷት ሲል ሰማሁት። እኔን የሚመልሰኝ ሰው ግን አልተገኘም።

ጓሉን መንገዱ ዳር አስቀምጬ ራሴን አራገፍኩ። ጎረቤቴ መነጽሩን አውልቆ እየሮጠ መጣና እግሬ ላይ ሊወድቅ አለ። ባርኩኝ፣ መርቁኝ፣ እናቴ ነዎት ማለት ጀመረ።

«ተነስ። ያንተ ስለሆነ ያንተ ሆነ። ደግ ሰው ነህ አላልኩህም» አልኩት። «ቁልሉን መልስ።»

«የቱን ቁልል፣ እትዬ?»

«ለመሠረት የወሰድከውን። ድንጋዩ የተለቀመው ከእኔ ትልም ነው። ስምንቱ እርምጃ ያንተ፣ ቁልሉ የእኔ።»

ቤቱ ከላዩ ቆሟል፣ እንዴት አድርጌ ላውጣው አለ። በሩን ወደ ነፋሱ ስትከፍት እኔን አላማከርከኝም፣ እሱን የመሰለ ሌላ የማሳ ድንጋይ ፈልገህ መልስ አልኩት። ሽማግሎቹ ይህ እንኳ ይበዛል አሉ። አይበዛም። ለእሱ ያልበዛ ፍርድ ለእኔም አይበዛም።

ልጄ እስካሁን አትደውልልኝም። በእህቷ በኩል ደህና ናት ወይ ብላ ትጠይቃለች፤ ይህን ለጊዜው እቀበላለሁ። ጎረቤቴ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ በአህያ ድንጋይ እየጫነ ይመጣል። ደጄ ያራግፋል፣ እኔ ወጥቼ አንድ በአንድ አገላብጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ከወንዝ የለቀመውን ልሙጥ ድንጋይ ቀላቅሎ አመጣልኝ።

«ይኼ የእኔ አይደለም፣ መልሰህ ጫነው» አልኩት።

«ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ እትዬ። በምን ለዩት?»

«የእኔ ሽበት አለው።»